ከኪንታሮት ጀርባ የተደበቀው በሽታ

የሰገራ መውጫ ሲደማ፣ ሲያሳክክ ወይም እባጭ ሲወጣበት ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚጠረጥረው ኪንታሮትን ነው። ለሐኪም ማሳየት ያሳፍራል፤ ስለዚህ ቅባት ይገዛል፣ ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ጎረቤት የነገረው መድኃኒት ይሞከራል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በእርግጥም ኪንታሮት ሆኖ ይገኛል፤ አልፎ አልፎ ግን ካንሰር ነው። ሳይንስ ራሱ ይህን ካንሰር ከኪንታሮት ለይቶ መንስኤውን ለማወቅ፣ ከዚያም ገና ካንሰር ሳይሆን ደርሶ ለማስቆም በርካታ ዐሥርት ዓመታት ፈጅቶበታል። ዛሬ የምርመራ ውጤታቸው ላይ «ጤናማ ያልሆነ ሕዋስ ታይቷል» የሚል ቃል ለሚያነብቡ ሰዎች ከዚያ ፍለጋ የተገኘው ዕውቀት ትልቅ መጽናኛም መመሪያም ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተሳሳተው ተጠርጣሪ

የፊንጢጣ ካንሰር ብርቅ በሽታ ነው። በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢይዝ ነው። ብርቅነቱና የሚነሳበት ቦታ አሳፋሪ ተደርጎ መታየቱ ተደምረው ለረጅም ጊዜ በቂ ተመራማሪ አላገኘም። ሐኪሞች መንስኤውን ሲጠየቁ ለዓመታት የሚቆጣ ኪንታሮት፣ አልድን ያለ ቁስል ወይም ፊስቱላ (ከፊንጢጣ ወደ ቆዳ የሚከፈት ቀዳዳ) ውሎ አድሮ ወደ ካንሰር ይለወጣል ብለው ያምኑ ነበር።

ሕክምናውም ከባድ ነበር። ፊንጢጣውና የትልቁ አንጀት ጫፍ በቀዶ ጥገና ይወጣሉ፤ ሕመምተኛው ቀሪ ዕድሜውን በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ከረጢት እየተጸዳዳ ይኖራል። በ1974 በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ ኖርማን ኒግሮ የተባሉ ቀዶ ሐኪም ዕጢውን ለማሳነስ ብለው ለሦስት ሕመምተኞች ከቀዶ ጥገናው በፊት ዝቅተኛ መጠን ያለው ጨረር ከሁለት የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ሰጡ። ሁለቱ ሕመምተኞች በቀዶ ጥገና ከታከሙ በኋላ የወጣው ሥጋ ሲመረመር ካንሰር አልተገኘበትም። ሦስተኛው ቀዶ ጥገናውን እምቢ አለ፤ እሱም ካንሰሩ ጠፍቶለት ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ለአብዛኞቹ የዚህ በሽታ ሕመምተኞች የመጀመሪያው ሕክምና የጨረርና የመድኃኒት ጥምረት ሆነ። የበሽታው መነሻ ግን አሁንም አልታወቀም ነበር።

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከመዝገብ ቤት ነው። በሲያትል ከተማ የሚሠሩት የወረርሽኝ ጥናት ባለሙያ ጃኔት ዴሊንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር የካንሰር መዝገቦችን ሲያገላብጡ በሽታው አግብተው በማያውቁ ወንዶች ላይ ከሚጠበቀው በላይ እንደሚታይ አስተዋሉና በ1982 አሳተሙ። በ1987 ደግሞ ሕመምተኞችን አንድ በአንድ ጠይቀው ያገኙትን ይፋ አደረጉ። ቀደም ሲል በብልት አካባቢ በወሲብ የሚተላለፍ ኪንታሮት መሰል እባጭ የወጣባቸው ሰዎች፣ በፊንጢጣ ወሲብ የተደረገባቸው ወንዶችና ሲጋራ አጫሾች ከሌላው በበለጠ ለበሽታው ተጋልጠው ተገኙ። ጥርጣሬው ከቁስል ወደ ተላላፊ ነገር ዞረ።

ተላላፊው ነገር በዚያው ሰሞን በጀርመን ስም እያገኘ ነበር። ሃራልድ ዙር ሃውዘን የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ፣ ነው ብለው ብዙዎች ሳይቀበሏቸው ለዓመታት ሲሟገቱ ቆይተው፣ በ1983 ቁጥር 16፣ በተከታዩ ዓመት ቁጥር 18 የተባሉትን የቫይረሱን ዝርያዎች ከካንሰር ናሙና ውስጥ ለይተው አወጡ። ለዚህ ሥራቸው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

የድሮውን እምነት የሻሩት የስካንዲኔቪያ ተመራማሪዎች ናቸው። በ1994 የዴንማርኩ ሞርተን ፍሪሽና ባልደረቦቻቸው ኪንታሮትና መሰል ሕመም የነበረባቸውን ሰዎች መዝገብ ተከታትለው አስገራሚ ነገር አዩ። እነዚህ ሰዎች በፊንጢጣ ካንሰር ሲያዙ የታየው በይበልጥ «ኪንታሮት ነው» በተባሉበት የመጀመሪያ ዓመት ውስጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። ኪንታሮት ካንሰር የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ አደጋው ከዓመት ዓመት መጨመር ነበረበት። ስለዚህ ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ያኔውኑ የነበረባቸው ካንሰር ነበር፤ ኪንታሮት መስሎ አሳስቶ ነበር ማለት ነው። በ1997 እነዚሁ ተመራማሪዎች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር የዕጢ ናሙናዎችን መረመሩ። ከ10 የፊንጢጣ ካንሰር ናሙናዎች ዘጠኝ ያህሉ ኤች ፒ ቪ ነበረባቸው፤ ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ከሚነሳው የአንጀት ካንሰር ናሙናዎች ግን በአንዱም አልተገኘም። እውነተኛው ጥፋተኛ ተያዘ።

ሁለት ቦታ፣ አንድ ዓይነት ሕዋስ

ጥፋተኛው ከተያዘ በኋላ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ ማሕፀን በር መለሱ፤ ምክንያቱም እዚያ መንገዱ ቀድሞ ተጠርጎ ነበር። ግሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ፓፓኒኮላው በ1913 ወደ ኒው ዮርክ ተሰድደው፣ በጊኒ ፒጎች ላይ በጀመሩት ጥናት ከማሕፀን አካባቢ በቀላሉ የሚነሳ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙ እንደሚናገር ተረዱ። ባለቤታቸው አንድሮማኪ ለጥናቱ የራሳቸውን ናሙና ለዓመታት ሰጥተዋል። በ1928 ፓፓኒኮላው የካንሰር ሕዋስ በዚህ መንገድ እንደሚታይ ሲናገሩ ሰሚ አላገኙም፤ በ1941 ከኸርበርት ትራውት ጋር ያሳተሙት ጥናት ግን ዓለምን አሳመነ። በስማቸው ፓፕ የሚባለው ምርመራ በስፋት በተዳረሰባቸው ሀገራት የማሕፀን በር ካንሰር በእጅጉ ቀንሷል።

ፊንጢጣና የማሕፀን በር አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። በሁለቱም ቦታ ቆዳ መሰሉ ጠፍጣፋ ሕዋስ አንጀትንና ማሕፀንን ከሚያለብሰው ለስላሳ ሕዋስ ጋር ይገናኛል። በዚህ መገናኛ ላይ ሕዋሳት ያለማቋረጥ ይለዋወጣሉ፤ ኤች ፒ ቪም ሥር ለመስደድ የሚመርጠው ይህንኑ ቦታ ነው። የማሕፀን በር ካንሰር ደግሞ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ሕዋሱ መጀመሪያ መልኩን ይቀይራል፤ ቅድመ ካንሰር ሆኖ ዓመታት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጥቂቱ ወደ ካንሰር የሚያልፈው። በፊንጢጣስ እንዲህ ይሆን?

ይህን ጥያቄ ይዘው የተነሡት በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የሆኑት ጆኤል ፓለፍስኪ ነበሩ። ጊዜው ኤድስ ከተማይቱን እየጨረሰ የነበረበት ነው። ፓለፍስኪና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ኤችአይቪ በጸናባቸው ወንዶች ፊንጢጣ ውስጥ ኤች ፒ ቪና የተለወጡ ሕዋሳት በብዛት እንደሚገኙ አሳዩ። በ1991 የፊንጢጣ ካንሰርን ለመከላከል ብቻ የተቋቋመ የመጀመሪያው ክሊኒክ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ነርስ ናኦሚ ጄይ ደግሞ የማሕፀን በር በሚታይበት ማጉያ መሣሪያ ፊንጢጣን መመልከት ጀመሩ። ቦታው በኮምጣጤ አሲድ ሲረጥብ የታመመው ሕዋስ ነጥቶ ይለያል፤ አዮዲን ሲቀባ ጤናማው ይጠቁራል፣ የታመመው ቀለሙን ሳይቀበል ይቀራል። በ1997 ያሳተሙት ጽሑፍ እነዚህ ምልክቶች እንዴት እንደሚነበቡ ለሌሎች ባለሙያዎች አስተማረ።

በሀገራችን የጤና ተቋማት የማሕፀን በር ካንሰርን ለመለየት ኮምጣጤ አሲድ ተቀብቶ በዓይን የሚደረገውን ምርመራ ያዩ ጤና ባለሙያዎችና እናቶች ዘዴውን በቀላሉ ይረዱታል። ያው የኮምጣጤ ብልሃት ነው፤ እዚህ ግን በማጉያ ታግዟል።

ሠላሳ ዓመት የቆየው ክርክር

በ1996 ኃይለኛው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጥምረት መጣ። ሰዎች ከሞት አፋፍ ተመለሱ፤ ካፖሲ ሳርኮማን የመሰሉ ከኤድስ ጋር የሚመጡ ካንሰሮች በፍጥነት ቀነሱ። የፊንጢጣ ካንሰር ግን እንደነሱ አልቀነሰም፤ ሰዎች በሕይወት በቆዩ ቁጥር ቫይረሱ ሥራውን የሚሠራበት ጊዜ አገኘ። በኋላ በ2021 ከብዙ ሀገራት ጥናቶች ተሰብስቦ የወጣ ስሌት እንደሚያሳየው፣ ኤችአይቪ ካለባቸውና ከወንድ ጋር የወሲብ ግንኙነት ከሚያደርጉ ወንዶች መካከል በዓመት ከ100 ሺህ ወደ 85 ሰው ይያዛል። ኤችአይቪ ካለባቸው ሌሎች ወንዶች 32፣ ኤችአይቪ ካለባቸው ሴቶች 22 ናቸው። በብልት ውጫዊ ክፍል ካንሰር የታመሙ ሴቶች ደግሞ 48 ያህል ናቸው። የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎችም ከሌላው ሕዝብ በላይ ይጋለጣሉ።

ታዲያ ቅድመ ካንሰሩን ፈልጎ ማጥፋት ለምን አከራከረ? የተቃወሙት ሐኪሞች ጠንካራ ምክንያት ነበራቸው። ቅድመ ካንሰሩ በኤችአይቪ ሕመምተኞች ዘንድ እጅግ የበዛ ነው፤ ወደ ካንሰር የሚያልፈው ግን በዓመት ከብዙ መቶዎች አንዱ ነው። በሲድኒ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው አንዳንዱ ያለ ምንም ሕክምና ይጠፋል። ሕክምናው ያማል፤ ከታከመ በኋላም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሳያስፈልግ ብዙ ሰው እናሠቃይ ይሆናል ሲሉ ሰጉ። ደጋፊዎቹ የማሕፀን በርን እንደ ምሳሌ ከመጥቀስ በቀር ማስረጃ አልነበራቸውም።

ክርክሩን የሚፈታው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ የታከሙትን ካልታከሙት ጋር ማነጻጸር። በ2014 በፓለፍስኪ መሪነት አንከር የተባለ ጥናት በአሜሪካ ተጀመረ። በ25 ማዕከላት ኤችአይቪ ያለባቸው፣ ዕድሜያቸው 35 የሞላ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተመረመሩ፤ ከተመረመሩት ግማሽ ያህሉ ከፍተኛ ደረጃ ቅድመ ካንሰር ተገኘባቸው፤ ከሴቶቹም መካከል 46 በመቶ ያህሉ። ከነዚህ ውስጥ 4,459 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ወዲያው ይታከማል፤ ሌላኛው ሳይታከም በየስድስት ወሩ በቅርብ ይታያል።

ጥናቱ ለዓመታት እንዲቀጥል ታስቦ ነበር። በኦክቶበር 2021 ግን መረጃውን የሚቆጣጠሩት ገለልተኛ ባለሙያዎች ውጤቱን አይተው እንዲቆም አዘዙ። በታከመው ቡድን ካንሰር የያዛቸው 9 ሰዎች ሲሆኑ፣ በመጠባበቅ ላይ በነበረው ቡድን 21 ሆነዋል። ሕክምናው አደጋውን በ57 በመቶ ቀንሶታል። መልሱ ከታወቀ በኋላ አንድም ሰው ሳይታከም እንዲጠብቅ ማድረግ ተገቢ አልነበረም፤ ለሁሉም ሕክምናው ተፈቀደ። ዝርዝሩ በጁን 2022 ታተመ፤ በ2024 መጀመሪያ ዓለም አቀፉ የዘርፉ ባለሙያዎች ማኅበር የምርመራ መመሪያ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የኤችአይቪ ሕክምና መመሪያም ምርመራውን አካተተ።

ከውጤት ወረቀቱ በስተጀርባ

አሁን ይህ ሁሉ ታሪክ በአንድ ትንሽ ምርመራ ውስጥ ተጠቃሏል። በውኃ የረጠበ ጥጥ መሰል መጥረጊያ ጥቂት ሴንቲሜትር ገብቶ እየተሽከረከረ ይወጣል፤ ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ በጣቱ እባጭ መኖሩን ይዳብሳል። ናሙናው የሚወሰደው ማለስለሻ ቅባት ከመግባቱ በፊት ነው፤ ቅባቱ ሕዋሱን ያበላሻል።

ውጤቱ ከጥቂት ዓይነቶች አንዱ ነው። «ናሙናው በቂ አይደለም» ከተባለ ይደገማል እንጂ የበሽታ ምልክት አይደለም። «ጤናማ» ከሆነ ብዙ ጊዜ ከዓመት በኋላ መመለስ ነው። «ትርጉሙ ያልለየ ለውጥ» ማለት ሕዋሱ ሙሉ በሙሉ ጤናማ አይመስልም፣ ግን ስም የሚያሰጥ ለውጥ አላሳየም ማለት ነው፤ የኤች ፒ ቪ ምርመራ ከተጨመረበት መንገዱን ያጠራዋል። «ዝቅተኛ ደረጃ ለውጥ» ኤች ፒ ቪ በሕዋሱ ላይ እየሠራ መሆኑን ይነግራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ካንሰር አይሆንም፣ ሰውነት ራሱ ሊያጠፋው ይችላል። «ከፍተኛ ደረጃ ለውጥ» ወይም «ከፍተኛ ደረጃን ማግለል ያልተቻለበት» የሚለው ውጤት ሳይዘገዩ በማጉያ መታየትን ይጠይቃል።

ከነዚህ ቃላት አንዳቸውም «ካንሰር አለብዎት» አይሉም። የተጠረገ ሕዋስ የበሽታውን ደረጃ በትክክል አይለካም፤ ዝቅተኛ ተብሎ ከፍተኛ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ነው ወረቀቱ ቀላል ቢመስልም ቀጠሮው መቅረት የሌለበት። ውጤቱ ቫይረሱ መቼና ከማን እንደተላለፈም አይናገርም። ኤች ፒ ቪ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል፤ በፊንጢጣ ወሲብ ፈጽመው የማያውቁ ሴቶችም ይገኝባቸዋል። ስለዚህ በትዳር ውስጥ ለመወነጃጀል ማስረጃ አይሆንም።

በማጉያ ምርመራው ላይ ሕመምተኛው በጎኑ ይተኛል፤ ትንሽ ቱቦ ይገባል፤ ኮምጣጤ አሲድና አዮዲን ይቀባል፤ የሚያጠራጥር ቦታ ከታየ የሩዝ ፍሬ የማታክል ቁራጭ በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር (ባዮፕሲ) ይወሰዳል። የፊንጢጣ ቦይ የላይኛው ክፍል የሕመም ስሜት ስለሌለው ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ አያሻውም፤ የታችኛው ክፍል ግን በመርፌ ይደነዝዛል። ለጥቂት ቀናት ትንሽ ደም ማየት የተለመደ ነው። ብዙ ደም፣ ትኩሳት ወይም የሚጨምር ሕመም ከመጣ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ባዮፕሲው ነው። ዝቅተኛ ደረጃ ከሆነ ብዙ ጊዜ ክትትል ብቻ ይበቃዋል። ከፍተኛ ደረጃ ከሆነ በአንከር ጥናት አብዛኞቹ እንደታከሙት ቦታው በኤሌክትሪክ ሙቀት ይተኮሳል፤ የሚቀባ መድኃኒትም አለ፤ ሰፊ ከሆነ በማደንዘዣ በቀዶ ጥገና ክፍል ይሠራል። ከሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ያህል ሰገራ ሲወጣ ሊያምና ሊደማ ይችላል፤ ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ብዙ መጠጣትና አትክልት መመገብ ይረዳል። ቅድመ ካንሰሩ ሊመለስ ስለሚችልም በወራት ውስጥ እንደገና መታየት የሕክምናው አካል ነው። ከተመለሰ ሕክምናው ከሽፏል ማለት አይደለም፤ እንደገና ይታከማል።

ማን ይመርመር?

ዓለም አቀፉ መመሪያ ኤችአይቪ ያለባቸውና ከወንድ ጋር ግንኙነት የሚያደርጉ ወንዶችን ከ35 ዓመት ጀምሮ፣ ሌሎች ኤችአይቪ ያለባቸውን ወንዶችና ሴቶች ከ45 ዓመት ጀምሮ፣ በብልት ውጫዊ ክፍል ቅድመ ካንሰር ወይም ካንሰር የተገኘባቸውን ሴቶች በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውን ከ10 ዓመት በኋላ እንዲመረመሩ ይመክራል። የማጉያው ምርመራ በበለጸጉ ሀገራትም በጥቂት ማዕከላት ብቻ የሚገኝ በመሆኑ፣ በማይገኝበት ቦታ ሐኪም በጣቱ የሚያደርገው ምርመራ ትልቅ ዋጋ አለው።

ከሁሉ የሚሻለው ቫይረሱ እንዳይገባ ማድረግ ነው። በ2011 ፓለፍስኪ 602 ወጣት ወንዶችን ያሳተፈ ጥናት አሳትመው፣ የኤች ፒ ቪ ክትባት ክትባቱ የያዛቸው ዝርያዎች የሚያመጡትን የፊንጢጣ ቅድመ ካንሰር በ77.5 በመቶ እንደቀነሰ አሳዩ። ኢትዮጵያ ይህንን ክትባት ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች እየሰጠች ነው። ብዙዎቻችን የማሕፀን በር ክትባት ብቻ አድርገን የምናየው ይህ መርፌ ሴት ልጆቻችንን ከዚህኛውም ካንሰር ይጠብቃቸዋል። ክትባቱ አስቀድሞ የገባን ቫይረስ አያጠፋም፤ ስለዚህ በልጅነት መስጠቱ ይመረጣል።

አሜሪካዊቷ ተዋናይት ፋራ ፎሴት በዚህ በሽታ በ2009 ሕይወቷ አልፏል፤ ሕመሟን ለካሜራ ገልጣ ማሳየቷ ብዙዎችን ቀስቅሷል። ሌላዋ ተዋናይት ማርሻ ክሮስ ታክማ ከዳነች በኋላ የበሽታውን ስም በአደባባይ እየጠራች ሌሎች እንዳያፍሩ ትለምናለች። እኛም ልንሰማት ይገባል። የሚደማ ወይም የሚያብጥ ነገር ካለ፣ ኪንታሮት መሆኑን ሐኪም አይቶ ይወስን፤ ቅባትና ወሬ አይወስኑ። የኤችአይቪ ክትትል ላይ ያላችሁ ሐኪማችሁን ስለዚህ ምርመራ ጠይቁ። በአሜሪካ የምትኖሩ ቋንቋው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ሲጋራ የምታጨሱ አቁሙ። ጤናማ ያልሆነ ሕዋስ ታይቷል ከተባላችሁ ደግሞ አትደንግጡ፣ አትሽሹ፤ ቀጠሯችሁን አክብሩ። ይህ ካንሰር ከመምጣቱ በፊት የሚገኝበትና የሚቆምበት መንገድ ዛሬ አለ።